ፍትሕ በሣጥን አይመጣም

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አክስቴን ጠበቃ አስቀይሬያታለሁ። ምክንያቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውዬው አይናገርም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአያቶቼ በቀረ ቤት የተነሣ አንድ ዘመዳችን አክስቴን ከሰሳት። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ካለው ሙቪ ቤት በፍላሽ እያስጫንኩ «ሱትስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ሌት ተቀን አይ ነበር። ጠበቃ ማለት ለእኔ ልክክ ያለ ሱፍ የለበሰ፣ ፋይል ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ባላጋራውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አፉን የሚያስይዝ ሰው ነው። ስለዚህ አክስቴ «ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ አብረሽኝ ሂጂ» ስትለኝ ሲኒማ እንደተጋበዘ ሰው ደስ አለኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደረስን። ስማችን የተጠራው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የአክስቴ ጠበቃ አጠር ያሉ፣ ኮታቸው የሰፋቸው፣ ድምፃቸው ከኋላ ወንበር የማይሰማ ሰው ነበሩ። ተነሡና «የመከላከያ መልሳችንን ከነማስረጃ ዝርዝሩ አቅርበናል» ብለው ተቀመጡ። ዳኛዋ ቀና ሳይሉ ጻፉ። መዝገቡ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። በቃ! አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ከችሎት እንደወጣን «ይሄ ሰውዬ አፍ የለውም፤ ቤትሽን ያስበላሻል» አልኳት። አክስቴ የተማረ ዘመድ አላት ከተባለ እኔ ነኝና ሰማችኝ። በሳምንቱ ድምፁ ኮሪደሩን የሚያናውጥ ሌላ ጠበቃ ያዘች።

መጨረሻው ምን ሆነ? እመለስበታለሁ። በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄን የጠበቃ ሥዕል ጭንቅላቴ ውስጥ ማን ሰቀለው? ሰቃዩን ፍለጋ ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ አንድ አሜሪካዊ ደራሲ ዘንድ ደረስኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መሸነፍ የማያውቀው ጠበቃ

ኧርል ስታንሊ ጋርድነር በ1889 ተወለደ። ሕግ ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱን እያስተማረ በ1911 በካሊፎርኒያ የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ኦክስናርድ በምትባል ከተማ ሌላው ጠበቃ ዞር ብሎ የማያያቸውን ቻይናውያን ስደተኞች እየወከለ ስም አተረፈ። ችሎት መቆም ይወዳል፤ የቢሮ ሥራ ግን ያንገሸግሸዋል። ማታ ማታ ለርካሽ መጽሔቶች ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። በ1933 የመጀመሪያውን የፔሪ ሜሰን ልብ ወለድ አሳተመ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ (1970) ድረስ ሰማንያ አልፎ ጻፈ።

ሜሰን በ1943 ራዲዮ ገባ። በየቀኑ የሚሰማ አጭር ድራማ ሲሆን የሚደግፈውም የሳሙና አምራች ኩባንያ ነበር። እውነተኛ ዝናው የመጣው ግን ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ከመስከረም 1957 እስከ ግንቦት 1966 ባሳየው ተከታታይ ፊልም ነው። ሜሰንን ሆኖ የተጫወተው ሬይመንድ በር የተባለው ተዋናይ ነው፤ ፊልሙ 271 ክፍሎች ነበሩት።

አካሄዱ ሁሌም አንድ ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰው ይገደላል፤ ንጹሕ ሰው ይታሰራል። በሁለተኛው ግማሽ ሜሰን ምስክሮችን ያፋጥጣል፤ በመጨረሻም እውነተኛው ገዳይ ምስክር ሣጥን ውስጥ ሆኖ ወይም ከታዳሚው መሀል ተነሥቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ!» ይላል። በየሳምንቱ!

ዐቃቤ ሕጉ ሃሚልተን በርገር ያሳዝናል። ዛሬ ይሸነፋል፣ በሳምንቱ አዲስ ንጹሕ ሰው ይዞ ይመጣል። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት የአውራጃ ዐቃቤ ሕግ የሚሾመው በሕዝብ ምርጫ ነው። በእውነተኛው ዓለም በየሳምንቱ ንጹሕ ሰው ከሶ የሚሸነፍ ሰው ሁለተኛ የሚመርጠው አያገኝም ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይሄን ሁሉ የጻፈው ጋርድነር እውነቱን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በ1948 ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ «የመጨረሻው አቤቱታ ፍርድ ቤት» የሚባል ሥራ ጀመረ። ስሙ እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ያለ ጥፋታቸው እንደተፈረደባቸው የሚናገሩ እስረኞችን መዝገብ እንደገና የሚመረምሩ ፈቃደኞች ስብስብ ነበር፤ ግኝታቸውም «አርጎሲ» በተባለ መጽሔት ይወጣ ነበር። እዚያ «እኔ ነኝ» ብሎ የሚነሣ ገዳይ የለም። ያለው የቆየ መዝገብ፣ የጠፋ ምስክር፣ የማይመለስ ደብዳቤ ነው። ጋርድነር ቀን ቀን የሚያየውን ነገር ማታ ልብ ወለዱ ውስጥ አልከተተውም። ለምን ይክተተው? ማን ያነብለታል?

ቁሌት የሌለው ወጥ

ሜሰን በቴሌቪዥን ከመምጣቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1954፣ ስዋንሰን የተባለ የምግብ ኩባንያ «ቲቪ ዲነር»ን በመላ አሜሪካ ይሸጥ ጀመር። የአሉሚኒየም ትሪው ተከፋፍሏል፤ በአንዱ በኩል የቱርክ ሥጋ፣ በሌላው አተር፣ በሌላው ስኳር ድንች። ከማቀዝቀዣ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ጭን፣ ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ። ሣጥን እያዩ ከሣጥን መብላት ማለት ነው።

የዘመናችን ልጆች ደግሞ ይሄን አሻሽለውታል። ሄሎፍሬሽ በ2011 በርሊን ላይ፣ ብሉ ኤፕረን በ2012 ኒው ዮርክ ላይ ተመሠረቱ። በደንበኝነት ትመዘገቢያለሽ፤ በየሳምንቱ ተመዝኖና ተለክቶ የመጣ ሣጥን በርሽ ላይ ይደርሳል። ይሄን ያህል ሥጋ፣ ይሄን ያህል ቅመም፣ ከነአሠራሩ። ታበስያለሽ፣ ፎቶ ታነሺያለሽ፣ «ሠራሁ» ትያለሽ።

ነገሩን መናቄ አይደለም፤ ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ግልግል ነው። ግን እስቲ ዶሮ ወጥን በዚህ ሣጥን አስቡት። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ቁሌቱ ተቁላልቷል፣ ዶሮው ተገንጥሎ ታጥቧል፣ የቀረሽ ድስቱን መጣድ ነው። እናቶቻችን ቢሰሙ «ታዲያ ምኑን ሠራሽው?» ይሉናል። የዶሮ ወጥ ሥራው ቁሌቱ ነዋ! ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ሰዓት የሚበላው፣ ማንም ቆሞ የማያይልሽ እሱ ነው።

የፊልሙ ችሎትም እንዲሁ ተከትፎ የመጣ ነው። ቀጠሮው ተቆርጦ ወጥቷል። የጽሑፍ ክርክሩ ወጥቷል። ማስረጃ ፍለጋው ወጥቷል። ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ንግግሩና ፍርዱ ብቻ ነው። ተመልካቹም ይሄን እየበላ ያድግና አንድ ቀን እውነተኛ ችሎት ሲገባ «ወጡ የታል?» ይላል። እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ሁለት ጠበቆች በአንድ ጸደይ

በታሪክ ውስጥ ሐሳዊውና እውነተኛው ጠበቃ ጎን ለጎን የቆሙበት ወቅት ቢኖር የ1963 ጸደይ ነው።

ሚያዝያ 8 ቀን 1963 ግሪጎሪ ፔክ አቲከስ ፊንችን ሆኖ በተጫወተበት «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። ፊልሙ የሃርፐር ሊን የ1960 ልብ ወለድ መሠረት ያደረገ ነው። በ1930ዎቹ አላባማ ውስጥ በሐሰት ለተከሰሰ ጥቁር ሰው የሚቆም ነጭ ጠበቃ ታሪክ ነው። በ2003 የአሜሪካ ፊልም ተቋም አቲከስን ከፊልም ጀግኖች ሁሉ አንደኛ ብሎ መረጠው።

ታዲያ ልብ በሉ፤ አቲከስ ተሸንፏል። ደንበኛው ተፈርዶበታል፤ ኋላም ሊያመልጥ ሲል በጥይት ተመትቶ ሞቷል። ሰው ግን የሚያስታውሰው ንግግሩን ነው። ፊልሙን ያዩ ጓደኞቼን «አቲከስ አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ?» ብዬ ብጠይቅ ግማሾቹ «አሸነፈ መሰለኝ» አሉኝ።

ከኦስካሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 18 ቀን 1963፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌላ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። የባለጉዳዩ ስም ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን ይባላል። ጊዲዮን ድሃ ነው፤ ከዚያም በፊት የታሰረ ሰው ነው። በ1961 ፓናማ ሲቲ በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ የአንድ ፑል ቤት በር ሰብሮ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። ዳኛው ፊት ቆሞ «ጠበቃ ይቁምልኝ» አለ። የግዛቱ ሕግ ነጻ ጠበቃ የሚፈቅደው የሞት ፍርድ ለሚያስፈርድ ወንጀል ብቻ ነው ተባለ። ራሱ ተከራከረ፣ ተሸነፈ፣ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤት አለ። ፍርድ ቤቱም ተቀብሎ፣ ጠበቃ መድቦለት፣ በሙሉ ድምፅ ፈረደለት፦ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል።

ሰው ብዙውን ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጊዲዮን ነጻ አልተባለም፤ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ነው የተባለው። ነሐሴ 1963 በዚያው ከተማ፣ በዚያው ክስ እንደገና ቀረበ። አሁን ግን ፍሬድ ተርነር የሚባል የአገሬው ጠበቃ አብሮት አለ። ተርነር ምስክሮቹን አስቀድሞ አጥንቷል፣ ነገሩን አጣርቷል።

በመጀመሪያው ችሎት ጊዲዮንን ከጎዱት ነገሮች አንዱ የታክሲ ሹፌሩ ቃል ነበር። ጊዲዮን «እንዳሳፈርከኝ ለማንም አትናገር» ብሎኛል ሲል መሰከረ፤ ሌባ እንጂ ማን እንዲህ ይላል? ተርነር ግን ሹፌሩን ከዚያ በፊትስ እንዲህ ብሎህ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ያውቃል። ምክንያቱስ? የሚስቱ ጣጣ ነው። አለቀ! ጩኸት የለ፣ ጠረጴዛ መደብደብ የለ። አንድ ጥያቄ፣ ቀድሞ የተሠራ የቤት ሥራ። ጁሪው አንድ ሰዓት ያህል መክሮ ጊዲዮንን በነጻ አሰናበተው።

ያው ሰው፣ ያው ክስ፣ ያው ምስክር። የተለወጠው ጎኑ የቆመው ሰው ነው። የጥብቅናን ትርጉም በዚህ መጠን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላም ነገር ወሰነ፤ ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሽ የሚጠቅም ማስረጃ በእጁ ካለ መደበቅ አይችልም አለ። ፊልም ላይ በሩ ተበርግዶ የሚገባው ድንገተኛ ምስክር አለ አይደል? እውነተኛው ሕግ ሲለፋ የኖረው ያ ነገር እንዳይኖር ነው። ማስረጃ በጊዜው ቀርቦ ሁሉም ወገን አስቀድሞ አይቶት ይከራከር ነው የሚለው። ለፊልም ሠሪ አሰልቺ ነው፤ ለተከሳሽ ግን ሕይወት።

ችሎቱ ራሱ የት ሄደ?

ትልቁ ተረት ግን ንግግሩ እንኳ አይደለም፤ ችሎት መኖሩ ነው! በ2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ እንዳሰፈረው በፌዴራል ደረጃ ከሚሰጡት የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶው፣ በግዛቶች ደግሞ 94 በመቶው የሚመጡት ተከሳሹ ራሱ «አጥፍቻለሁ» ብሎ በማመኑ ነው። በ2018 ከፌዴራል ተከሳሾች እስከ ሙሉ ችሎት የሄዱት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ኮሪደር ላይ፣ በድርድር ነው፦ «እመን፣ ሁለት ዓመት፤ ተከራከር፣ ምናልባት አሥር።» ንጹሕ ሆኖ ሁለቱን የሚመርጥ የለም ብላችሁ ነው? እዚያ ቦታ ላይ ፔሪ ሜሰን ምን ያደርጋል? የሚናገርበት መድረክ እንኳ የለውም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መግረፍ አይገባም። በ1990 የጀመረው «ሎው ኤንድ ኦርደር» የኮሪደሩን ድርድር ደጋግሞ አሳይቷል። በ1992 የወጣው «ማይ ከዝን ቪኒ» ኮሜዲ ቢሆንም ጠበቆች ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳያል ብለው የሚያመሰግኑት ፊልም ነው። የ«ሱትስ»ን ነገር ግን ተዉት። ከ2011 እስከ 2019 የታየው የዚህ ፊልም ዋና ባለታሪክ ሕግ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ፈቃድ ሳይኖረው፣ በትልቅ ድርጅት ጠበቃ ሆኖ ይሠራል። ያ ራሱ ወንጀል ነው፤ እኛ ግን እናጨበጭብለታለን።

ፔሪ ሜሰንም ቢሆን መልካም ዘር ዘርቷል። ሶንያ ሶቶማዮር በ2009 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ታጭታ ሴኔት ፊት ስትቀርብ ልጅነቷን ያነሣሣው ሜሰን እንደሆነ ተናገረች። ደስ የሚለው፣ ልቧን የነካው ሜሰን ሳይሆን ያ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ዐቃቤ ሕግ ነው። ጥፋተኛ ሲቀጣም ንጹሕ ሰው ሲለቀቅም ፍትሕ ተሠርቷል የሚል ንግግሩ ነበር የቀረባት። ሴናተር አል ፍራንከን ደግሞ «ሜሰን የተሸነፈበት ክፍል የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቋት አላስታወሰችም፤ አዳራሹ ሳቀ።

እኛስ?

እንግዲህ ሁሉንም በፈረንጅ ሣጥን ማሳበብ ይቀላል። ግን እውነት እንነጋገር፤ እኛ ንግግር የሚወድ ጆሮ ከቤታችን ይዘን ነው የመጣነው።

የ«በላ ልበልሃ» ሙግት አገር ነን። ተሟጋቾቹ ዛፍ ሥር ወይም መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ መንገደኛው እንኳ «ዳኛ ሁነን» ሲባል ቆሞ ይዳኛል። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ይሆናሉ። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ዱላ ይወዘወዛል፣ ነጠላ ይጣፋል፣ ነገር በምሳሌ ይወርዳል፣ ከቦ የሚሰማው ሕዝብ ይፈርዳል ያዳንቃል። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ስሙ በየአገሩ ይነሣል። ስለዚህ የአሜሪካ ፊልም ጠበቃ ባዕድ አልሆነብንም፤ ሱፍ የለበሰ የጥንት ተሟጋች ነው የመሰለን።

ያ ሙግት ግን ከዘመናዊ ችሎቶቻችን ከወጣ ቆይቷል። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔሩ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጡ። በእኛ ፍርድ ቤት ጁሪ የለም። ፊልም ላይ የምናየው ያ ሁሉ ልብ የሚነካ ንግግር የሚነገረው ሕግ ላልተማሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ነው፤ እኛ ጋ የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው፣ ዳኛ ደግሞ መዝገብ ያነባል። በፍትሐ ብሔር ክርክር ክሱም መልሱም በጽሑፍ ነው፤ የማስረጃው ዝርዝርም አብሮ ይያያዛል። ያላያያዝሽውን ማስረጃ ኋላ ላይ በሚያምር ድምፅ አታመጪውም።

ጊዲዮን የጠየቀው ነገርም የእኛ ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቁምለት ይላል። ይሄን የማያውቅ ስንት የተከሰሰ ሰው አለ? «ሱትስ»ን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአገሬው ሕግ የፊልሙን ሕግ በደንብ ይዘን ማደጋችን ነው የሚያሳስበኝ። ጠበቃ ስንመርጥ ድምፁን እንሰማለን፤ «ምን አያያዝክ? ቀኑ መቼ ነው የሚያልፈው?» ብለን አንጠይቅም።

ወደ አክስቴ ልመለስ

ሁለተኛው ጠበቃ ተናገረ። መናገር ብቻ! ዳኛዋ ሁለት ጊዜ «ከጭብጡ አይውጡ» ብለው አስቆሙት። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ልቤ ሞቅ አለ፤ አክስቴም አለቀሰች። ከችሎት ስንወጣ «አየሽ?» አልኳት።

ከሁለት ዓመትና ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ውሳኔው ወጣ። አክስቴ አሸነፈች። የውሳኔውን ግልባጭ ካፌ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የዚያ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል የለበትም። ዳኛዋ የፈረዱት በሁለት ነገር ነው፤ በቆየ የክፍፍል ስምምነትና በቤቱ ግብር ደረሰኞች። ደረሰኞቹን ከአክስቴ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ በአንድ ለቅመው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በጊዜው ከመልሱ ጋር ያያያዟቸው እኒያ ኮታቸው የሰፋቸው ሰው ናቸው። አፍ የላቸውም ብዬ ያስባረርኳቸው!

አክስቴ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «አንቺ ልጅ፣ ሄደሽ እኚያን ሰውዬ ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለችኝ። ስልካቸውን ሰጠችኝ። ደወልኩ።

የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር። «ምንም አይደል እህቴ። ደረሰኞቹ ዋናዎቹ ናቸው፤ ፍርድ ቤት እንዳይቀሩ፣ ቶሎ ውሰዷቸው» አሉኝ።